ስለ ሟች ሰው የሕክምና ዕዳ

ሞት የሰውን ሥራ ሁሉ ያቋርጣል፤ ዕዳውን ግን አያቋርጥም። ሰው ሲሞት ንብረቱ ለልጆቹ፣ ስሙም ለዘመዶቹ እንደሚቀር ሁሉ፣ የተበደረው ገንዘብና ያልከፈለው ዋጋ ደግሞ ከንብረቱ ጋራ ተጣብቆ ይቀራል። ከዕዳም ሁሉ ይልቅ ቤተ ሰብን ግራ የሚያጋባው የሕክምና ዕዳ ነው። ነጋዴ የሚበደረው አተርፋለሁ ብሎ ነው፤ ሕመምተኛ ግን ገንዘብ የሚያወጣው ሕይወቱን ለማትረፍ ነው። ሕይወቱ ሳይተርፍ ዕዳው ብቻ የቀረ እንደ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ ሰውንና ሀብትን በአንድ ቀን ያጣል። «ዕዳ ከሜዳ» የሚለው ተረትም ያን ጊዜ ትርጓሜውን ያገኛል።

ይህ ነገር በአገራችን በየቦታው የሚደርስ ቢሆንም፣ በከምባታ ዞን በአንጋጫ ወረዳ ያለውን ኑሮ ለተመለከተ ሰው ጎልቶ ይታየዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የምትገኘው አንጋጫ፣ በአምባሪቾ ተራራ አጠገብ ያለች ደጋ አገር ናት። ሕዝቧ በእንሰት የሚኖር፣ መሬቷ ጠባብ፣ ሰዋም ብዙ ነው። ቀላል ሕመም የታመመ ሰው በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ይረዳል። ሕመሙ የጠና እንደ ሆነ ግን ወደ ዱራሜ፣ ወይም በሆሳዕና ከተማ በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ወደ ተሰየመው ሆስፒታል ይወሰዳል። ይህም ያልበቃው እንደ ሆነ ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ ይገባል።

በዚህ መንገድ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ለካርድና ለመድኃኒት ብቻ አይደለም። ለመኪና ይከፈላል፤ ለአስታማሚ ምግብና ማደሪያ ይከፈላል፤ ለምርመራና ለአልጋም ይከፈላል። ስለዚህ አንዱ ላሙን ይሸጣል፤ አንዱ ባሕር ዛፉን ያስቈርጣል፤ ሌላው መሬቱን ለጥቂት ዓመታት በኮንትራት ይሰጣል። ልጁ ወይም ወንድሙ ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደበት ሰውም ወደዚያው ስልክ ይደውላል። ይህም ሁሉ ሆኖ ሕመምተኛው የሞተ እንደ ሆነ፣ ገና ያልተከፈለ ሂሳብ በእጅ ይቀራል።

ከቀብር በኋላ ብዙ ቤተ ሰብ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንደኛው ስሕተት ዕዳውን መዘንጋት ነው። ለለቀስተኛ መብልና መጠጥ፣ ለመታሰቢያ ድግስና ለመቃብር ሐውልት ከሟቹ ንብረት በብዙ ይወጣል፤ የሐኪም ቤቱ የሂሳብ ወረቀት ግን በኮት ኪስ ተጣጥፎ ይከርማል። ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። «የአባትህ ዕዳ በአንገትህ ላይ ነው» የተባለ ልጅ፣ አባቱ የተወለት ነገር ሳይኖር፣ ለትምህርት ያስቀመጠውን ገንዘብ ወይም በገዛ ድካሙ የገዛውን ጥጃ አውጥቶ ይሰጣል። የመጀመሪያው ባለ ገንዘቡን ይበድላል፤ ሁለተኛው ወላጅ አልባውን ይበድላል። ሁለቱም የሚመጡት ነገሩን በቅድሚያ ካለመቍጠር ነው።

ዕዳ ከድግስና ከውርስ እንዲቀድም የቀደሙት አባቶች ያውቁት ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት ራብዕ እንደ ተነገረው፣ ባሏ የሞተባትና አበዳሪ ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት የመጣባት ሴት ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በጮኸች ጊዜ፣ ነቢዩ ዘይቷ በተአምር እንዲበዛላት አድርጎ፣ ከሽያጩ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋራ እንድትኖር አዘዛት። በእስልምና ሕግም ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟቹ ቀብርና ዕዳ ይቀድማል። መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ የሐኪምም ክብር በቃል ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ የድካሙን ዋጋ መክፈልም ከክብሩ ይቈጠራል።

ነገር ግን በጥንት ዘመን የዕዳ አከፋፈል ጽኑ ጭካኔ ነበረበት። በአገራችን ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝተው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ልማድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ «የቍም እስረኛ፣ ቍራኛ» የሚለው ቃል ብቻ ቀርቷል። ሕግ እየተሻሻለ በሄደ ቍጥር ዕዳ ከሰው ሥጋ ወደ ሰው ንብረት ተዛወረ። የባለ ገንዘቡ መብት አልጠፋም፤ ልክ ግን ተበጀለት።

ይህን ልክ በግልጥ ያስቀመጠው በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ በቍጥር 1014 እንደ ተነገረው፣ ከሟቹ ንብረት ላይ የሚከፈለው በተራ ነው። በመጀመሪያ የቀብር ወጪ ይከፈላል፤ ሁለተኛ ውርሱን ለመጠበቅና ለማጣራት የወጣው ወጪ ይከተላል፤ ሦስተኛ የሟቹ ዕዳ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ቀለብ የሚገባቸው ሰዎች ድርሻ ይታሰባል፤ በመጨረሻም ሟቹ በኑዛዜ ለይቶ የሰጠው ስጦታ ይፈጸማል። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። የሐኪም ቤት ሂሳብም ሟቹ በሕይወት ሳለ የገባበት ዕዳ ስለ ሆነ፣ በሦስተኛው ተራ ይገኛል።

ቀጥሎ ያለው ቍጥር 1015 ለሕዝባችን ልዩ ትምህርት አለው። የቀብር ወጪ ከዕዳ የሚቀድመው እንደ ሟቹ ኑሮና ደረጃ ተገቢ በሆነው መጠን ብቻ ነው። የተዝካር ወጪም ከቀብር ወጪ ጋራ አይቈጠርም። ሕጉ ተዝካርን አልከለከለም፤ ያለው ሰው ስለ ወላጁ ነፍስ ቢያበላና ቢያጠጣ፣ ድኻም ቢያለብስ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከራሱ ሀብት ያድርገው እንጂ፣ ገና ዕዳው ካልተከፈለው ከሟቹ ንብረት አይሁን የሚል ነው። በአንጋጫ ልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ስለ ሆነ የመታሰቢያው ስምና ሥርዓት ይለያይ ይሆናል፤ የወጪው ነገር ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

ሕጉ ባለ ገንዘቡን በዚህ ከጠበቀ በኋላ ወራሹንም ይጠብቃል። ውርሱ እስኪጣራ ድረስ የሟቹ ንብረት ከወራሾቹ የግል ንብረት ተለይቶ ይቀመጣል፤ ባለ ገንዘቡም መብቱን የሚጠይቀው በዚያ በተለየው ንብረት ላይ ነው። ንብረቱ ከዕዳው ያነሰ እንደ ሆነ፣ ወራሽ ከሟቹ ከደረሰው በላይ በራሱ ገንዘብ እንዲከፍል አይገደድም። ውርሱን አልፈልግም ብሎ በጊዜው ለመተውም መብት አለው። ነገር ግን የሟቹን ከብት አስቀድሞ ሸጦ በልቶ፣ ኋላ «አልወርስም» የሚል ሰው በቀላሉ የሚሰማው አያገኝም።

ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ እንይ። የሚስቱ ድርሻ ከተለየ በኋላ፣ የአንድ ሟች ንብረት ሁሉ 90,000 ብር ተገመተ እንበል። ለቀብር 10,000፣ ለማጣራት 2,000፣ ለሐኪም ቤት 45,000፣ ለጎረቤት ብድር 15,000 ብር የሚከፈል ቢሆን፣ ድምሩ 72,000 ብር ይሆናል፤ ልጆቹም 18,000 ብር ይካፈላሉ። ቤተ ሰቡ ሳይቈጥር አስቀድሞ 40,000 ብር ለድግስ ያወጣ እንደ ሆነ ግን፣ ለባለ ገንዘቦቹ 22,000 ብር ይጐድላል፤ ይህንንም ንብረቱን ያጠፉት ሰዎች ይጠየቁበታል። እንዲሁም ድግስ ሳይኖር የዕዳው ድምር 120,000 ብር ቢሆን፣ ለቀብርና ለማጣራት ከወጣው በኋላ 78,000 ብር ለዕዳ ይውላል፤ የጐደለው 42,000 ብር በባለ ገንዘቦቹ ላይ ይቀራል እንጂ የልጁ ጥጃ አይሸጥበትም።

ይሁን እንጂ መጠንቀቅ የሚያስፈልግባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሚስት ወይም የባል ነገር ነው። በቤተ ሰብ ሕጋችን ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም የጋራ ዕዳ ነው። አንዱ ተጋቢ ሲታመም ለማሳከም የተገባ ዕዳም እንደዚሁ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ በሕይወት የቀረችው ሚስት እንደ ልጆቹ «የእኔ አይደለም» ብላ ለመራቅ ያስቸግራታል። ያንኑ ያህል ግን ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ እንጂ የሟቹ ውርስ አለመሆኑን ማወቅና ድርሻዋን አስቀድማ ማስለየት ይገባታል።

ሁለተኛው የዋስ ነገር ነው። ሕመምተኛው ሐኪም ቤት ሲገባ «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የፈረመ ዘመድ፣ ሟቹ ምንም ባይተው እንኳ በራሱ ፊርማ ይጠየቃል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1922 መሠረት፣ ዋስትና ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተገለጠበት አይጸናም። ስለዚህ ዋስ የሚሆን ሰው በጭንቀት ሰዓትም ቢሆን የሚፈርምበትን ወረቀት ማንበብ፣ የገንዘቡንም ልክ ማየት አለበት።

ሦስተኛው የመሬት ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ አይደለም። በሐኪም ቤት ዕዳ ምክንያት መሬቱን በስውር ለመሸጥ የሚሞክር ቤተ ሰብ ገንዘቡንም መሬቱንም ሊያጣ ይችላል። በኮንትራት መስጠት የተፈለገ እንደ ሆነም ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጋራ በግልጥ መደረግ አለበት።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ ከቀብር በኋላ ምን ያድርግ ቢባል፣ ሥራው ብዙ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ ያስመዝግብ፤ የወሳኝ ኵነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ ሥራ ላይ ውሏል። ቀጥሎም የወራሽነት ማስረጃ ከወረዳው ፍርድ ቤት ያውጣ። ከወራሾች መካከል ወይም ከውጭ የታመነ ሰው የውርስ አጣሪ ሆኖ ይሰየም። እርሱም የሟቹን ንብረት በምስክር ፊት ይቍጠር፤ የሂሳብ ወረቀቶችንም ከሐኪም ቤት፣ ከመድኃኒት ቤትና ከአበዳሪዎች ይሰብስብ።

ሂሳቡም ሳይመረመር አይከፈል። በመንግሥት ጤና ተቋም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ ክትባት፣ በጤና ጣቢያ የሚደረግ የወሊድ አገልግሎትና ይህን የመሳሰለው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ በሂሳቡ ገብቶ እንደ ሆነ መጠየቅ መብት ነው። ድኻነቱ በቀበሌው የተመሰከረለት ሰውም የነጻ ሕክምና ተጠቃሚ የሚሆንበት ሥርዓት አለ፤ ሟቹ ይህ ይገባው ኖሮ እንደ ሆነ ለሐኪም ቤቱ አስተዳደር ማመልከት ይገባል። በአንድ ጊዜ ለመክፈል ያልቻለም ቤተ ሰብ ከመሸሽ ይልቅ ቀርቦ በየወሩ የሚከፍልበትን ውል ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ገንዘብም በጽሑፍ ይያዝ። ወንድም ከጆሃንስበርግ የላከው ገንዘብ ስጦታ ነውን ወይስ ብድር? ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ከሞተ በኋላ ግን በወንድማማቾች መካከል ለዓመታት የሚዘልቅ ጠብ ያስነሣል። በላከበት ቀን ሁለት መስመር ጽፎ ማስቀመጥ ይህን ጠብ ያስቀራል።

ስለ ሐኪም ቤቶችም የሚነገር አለ። በአንዳንድ የዓለም ክፍሎች ሂሳቡ እስኪከፈል ድረስ የዳነውን በሽተኛ ማገት፣ የሞተውንም ሬሳ መያዝ የተለመደ ሆኖ ቈይቷል። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2015፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስላልከፈሉ በሐኪም ቤት ታግተው በቈዩ እናቶች ነገር ፈርዶ፣ እገታው ከሕግ ውጭ መሆኑን ገልጧል። በእኛም ሕግ የባለ ገንዘብ ዋስትና የሟቹ ንብረት ነው፤ የሟቹ ሥጋ መያዣ አይሆንም። ለቅሶ ላይ ያለን ቤተ ሰብ በሬሳ ማስጨነቅ ገንዘብን አያፋጥንም፤ ሕዝቡን ግን ከሕክምና ያርቃል።

በሌላ በኩል ሐኪም ቤት ገንዘቡን በመጠየቁ አይወቀስም። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ገንዘብ አያያዝ ስልት ተከትሎ በተደረገው ማሻሻያ፣ ጤና ተቋሞች የሰበሰቡትን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ከማስገባት ይልቅ በራሳቸው ዘንድ አስቀርተው መድኃኒትና ዕቃ እንዲገዙበት ተፈቅዷል። ስለዚህ ከአንድ ሟች ቤተ ሰብ ሳይመለስ የቀረ ገንዘብ የሚጐዳው ሩቅ ያለ ባለጠጋን አይደለም። ነገ ወደዚያው ሐኪም ቤት የሚመጣው የአንጋጫ ሰው መድኃኒት ሲያጣ፣ ከጎደለው መድኃኒት ጥቂቱ የዚያ ያልተከፈለ ሂሳብ ነው።

ይሁንና ከሁሉ የሚሻለው ዕዳው ሳይመጣ መከልከል ነው። በዚህ ረገድ የከምባታ ሕዝብ ከሌላ የሚማረው ብዙ አይደለም፤ ትምህርቱ በራሱ ቤት አለ። ከጥንት ጀምሮ «ሴራ» የሚባል የመረዳጃና የመተዳደሪያ ሥርዓት አለው። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ ክፉ ምክር ቢመስልም፣ በከምባታ ዘንድ ሕግንና አንድነትን የሚያመለክት የተከበረ ቃል ነው። ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ በዚህ ሥርዓት ተሰብስቦ ይቀብራል፤ ያዘነውንም ያጽናናል። በከተማም ዕድር ይህንኑ ይሠራል። ሕዝቡ ለሞተው ሰው በየወሩ የሚያዋጣ ከሆነ፣ ለታመመው ማዋጣት እንደምን ይከብደዋል?

ለዚህም አብነቱ ሩቅ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የማኅበረ ሰብ ጤና መድኅንን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀምር፣ ከተመረጡት አንዷ ከአንጋጫ ብዙ የማትርቀው የከምባታዋ ዳምቦያ ነበረች። አሠራሩ ቀላል ነው። አባወራው ቤተ ሰቡን አስመዝግቦ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ የድኻውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍንለታል። ከቤቱ ሰው የታመመ እንደ ሆነ መታወቂያውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ ሕመሙ ከጠና በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ያልፋል፤ ሂሳቡም ከጋራው ገንዘብ ይከፈላል። ሙከራው መልካም ሆኖ በመገኘቱ ሥርዓቱ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል።

ነገር ግን መድኅን ከታመሙ በኋላ የሚገዙት መድኃኒት አይደለም። ጤነኛ ሳሉ መመዝገብ፣ በየዓመቱ ማደስ፣ ሪፈሩንም በተራው መከተል ያስፈልጋል። «ዘንድሮ አልታመምንምና ገንዘባችን በከንቱ ሄደ» የሚል ሰው፣ ዘንድሮ ስላልሞተ የዕድር መዋጮው በከንቱ ሄደ እንደማይል ያስብ። ጤና ጣቢያውም በበኩሉ መድኃኒት ይኑረው፤ ባለ መታወቂያውንም ከከፋዩ እኩል ያስተናግድ። አለዚያ ሕዝቡ መታወቂያውን ጥሎ ወደ ላሙ ሽያጭ ይመለሳል።

እንግዲህ በአንጋጫም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ያሉ የዕድር ዳኞች፣ የሴራ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ሰባኪዎች በለቅሶ ቤት የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። ከቀብር በሦስተኛው ቀን፣ ድግስ ሳይታሰብ፣ «ሟቹ ምን ተወ? ምንስ አለበት?» ብለው ቢጠይቁና ጽፈው ቢያስቀምጡ፣ የብዙ ቤተ ሰብ ጠብና ድኽነት ይቀራል። የሟቹ ዕዳ ከሟቹ ሀብት ይከፈል፤ ሐኪሙም አይበደል፤ ወላጅ አልባውም ያልተበደረውን አይክፈል። ሙት የሚከበረው በጠላና በፍሪዳ ብዛት አይደለም፤ ስሙ ከባለ ገንዘብ መዝገብ በተሰረዘ ጊዜና ልጆቹ በሰላም በተቀመጡ ጊዜ ነው።